የሐዘንተኛ ሙቀት

ሁርካ ውስጥ ሰው የሚታማው ለብ ባለ ውሃ ነው። ሌላ ከተማ በአለባበሱ፣ በልጆቹ ወይም በመጠጡ ይታማል። እዚህ ግን ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው ውሃ ቀዝቅዞ ካልተመለሰ አለቀለት። በመንገዱ ጫፍ የተሰቀለው ሰሌዳ የቤቱን ቁጥር ቀይ ያደርገዋል፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሁሉ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታው ራሱ ኮምጠጥ ይላል። «እንደምን አደርሽ ዘርፌ? ሌሊቱን ደክሞሽ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ደክሞኝ ነዋ! እናንተ ቤት ስንት እጅ አለ፣ እኔ ቤት ስንት እጅ አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተራራው ሥር ያለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የማይፈልገውን ሙቀት ድሮ ወደ ሰማይ ይለቅ ነበር። ቀንና ሌሊት ነጭ ጉም የሚተፉ ትልልቅ ማማዎች ነበሩት። ጉሙ ግን ሌላ አልነበረም፤ የሐይቁ ውሃ ነበር። ሐይቁ እየሸሸ ሄዶ ጀልባዎቹ ሣር ላይ ሲቀሩ ማማዎቹ ፈረሱ፤ ውሃው ከቧንቧ እንዳይወጣ ተዘጋ፤ የማቀዝቀዙ ሥራም ለሰው ተሰጠ። ሁርካ የተሠራችው ለዚህ ነው። ቤት ይሰጡሃል፣ መብራት ይሰጡሃል። አንተ ደግሞ ከማመንጫው ሞቆ የሚመጣልህን ውሃ ቀን መታጠቢያህን አሙቀህበት፣ እህል አድርቀህበት፣ ሊጥ ኩፍ አስብለህበት፣ የቀረውን ሙቀት ሌሊት በጣራህ ቧንቧ ላይ ለብርዱ ሰጥተህ፣ ጠዋት ቀዝቃዛውን ትመልሳለህ። እኛ ሙቀት ማውረድ እንለዋለን። ለልጅ ሚስት ሲጠየቅ ሽማግሌዎቹ «ቤተሰቡ ጨዋ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው የሚመልሱት» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ሁሉም የየራሱ መላ አለው። ጎረቤቴ ዙሪያሽ በርበሬ ታደርቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ዓይንህ ያነባል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ በዳሳ ልብስ ማጠቢያ ቤት አለው፤ የሰፈሩን ብርድ ልብስ ሁሉ እሱ ነው የሚያጥበው። እኔ አሥር ዓይነት ነገር ሞክሬ፣ ቲማቲሙ ሻግቶብኝ፣ ሽንኩርቱ በቅሎብኝ፣ ዘንድሮ እንቁላል አስገባሁ።

የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ነው እኮ የምላችሁ! የዶሮ ወረርሽኝ የሀበሻ ዶሮን ከፈጀ ወዲህ እዚህ አገር ዶሮ ማለት ከፋብሪካ በካርቶን የሚመጣ፣ ነጭ፣ ልሙጥ፣ ጣዕም የለሽ ነገር ነው። የሰፈራችን ልጆች አውራ ዶሮ ሲጮህ ሰምተው አያውቁም። ደጋ ያለችው የአክስቴ ልጅ ጥቂት ዶሮዎች ደብቃ አትርፋ ነበር። ስለምናት ስለምናት ኖሬ፣ በመጨረሻ ሁለት ትሪ እንቁላል በጭድ ጠቅልላ ላከችልኝ። «ዘርፌ፣ ዶሮዎቼ አርጅተዋል» አለችኝ። «ይኼ ከተበላሸ ሌላ አልልክልሽም፤ የለኝማ።» ተቀብዬ ቧንቧው የሚያልፍበት ሣጥን ውስጥ አስተኛኋቸው። ከኮንደንሰሩ፣ ከማመንጫው እንፋሎት ማቀዝቀዣ፣ የሚመጣው ውሃ ሙቀቱ ለእንቁላል ልክክ ያለ ነው፤ እግዜር ዶሮንና ኮንደንሰርን በአንድ ቀን ያሰባቸው ይመስል። ሳገላብጣቸው፣ ሳወራቸው፣ ለብርሃን እያነሳሁ ደም ሥራቸውን ሳይ ከረምኩ። ይኼ የማወራው ሊፈለፈሉ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው።

ለማያውቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሁርካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሞቅ ብሎ ነገር የለም። ሶኬቱ ማሞቂያ ሲሰካበት ራሱን ያጠፋል። ሙቀት ለማውረድ በተሠራች ከተማ ሙቀት መጨመር ሕግም አይፈቅደውም፣ ነውርም ነው። እሳትማ አይነሳ። ቤትህ የሚሞቀው በቧንቧህ ብቻ ነው፤ ቧንቧህ ከተዘጋ ተዘጋ።

የቀን ሥራዬ ማመንጫው ውስጥ ነው። ኤክስቼንጀር ጠራጊ ነኝ። ከጉድጓዱ የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ ሄዶ ትልቁን ተርባይን ይመታል፤ አብሮት የሚወጣው የፈላ ውሃ ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። ኤክስቼንጀር ማለት ቀጫጭን ቧንቧ የታጨቀበት በርሜል ነው በሉት። የፈላው ውሃ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ በውጭ በኩል ትንሽ ሙቀት የሚያስፈላው ሌላ ፈሳሽ አለ። ሁለቱ አይነካኩም። በቧንቧው ግድግዳ በኩል ሙቀት ይቀባበላሉ፤ ያኛው ፈልቶ ትንሹን ተርባይን ሊያዞር ይሄዳል፤ ይኼኛው ቀዝቀዝ ብሎ ወደ መጣበት መሬት ይመለሳል። ሲመለስ ግን የተሸከመውን ድንጋይ ጥሎብን ነው የሚሄደው። ነጭ ቅርፊት ሆኖ ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል። ቅርፊቱ ከወፈረ ሙቀት አያልፍም። ማሽኑ ይፍቃል፤ ማሽኑ የዘለለውን እኔ እፍቃለሁ፤ ማታ ፀጉሬ ዱቄት የፈጨሁ ይመስላል።

የዚያን ቀን ጠዋት ግማሽ አካላቴ በርሜሉ ውስጥ እያለ የፈረቃ ኃላፊዋ አያንቱ መጥታ እግሬን ነካ አደረገችኝ።

«እትዬ ዘርፌ፣ እስቲ አንዴ ይውጡ።»

«ምን ሆንሽ? ጨርሼ ልውጣ።»

«አይ፣ አሁን ይውጡ።»

ወጣሁ። ልጅቷ ፊቷ ጠቁሯል። «ከሰሜኑ ማመንጫ ተደውሎ ነበር» አለች። «ጋሽ ሽብሩ... ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል።»

ሽብሩ ባሌ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። ወደ ሰሜን ከመሄዱ በፊት እዚሁ ተርባይን ክፍል ነበር የሚሠራው፤ ከተፋታን ዘመን ሆኖናል። «ነፍሱን ይማር» አልኩ። አያንቱ ቤት ይሄዳሉ ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። «ምን ላደርግ ነው የምሄደው? ባሌ አይደል፣ ወንድሜ አይደል» አልኳትና ተመልሼ ገባሁ። ያን ቀን የፋቅኩትን ያህል ፍቄ አላውቅም። አያንቱ ኋላ ላይ መጥታ ቧንቧው እንዳይበሳ ቀስ ይበሉ አለችኝ።

እየፋቅኩ የሽብሩ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሳልፈልገው ነው የመጣብኝ። ስለ ተርባይን ሲያወራ አፉ አይዘጋም ነበር። «ዘርፌ፣ ሰው ተርባይን ከፊት ብቻ የሚገፋ ይመስለዋል። ከኋላም ይጎተታል እኮ!» ይለኝ ነበር ሹካውን አንስቶ። ተርባይኑን አዙሮ የወጣ እንፋሎት ኮንደንሰሩ ውስጥ ይገባል። እዚያ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲነካ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ያ ሁሉ እንፋሎት ጠብታ ሆኖ ሲወርድ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ባዶው ደግሞ የሚቀጥለውን እንፋሎት በተርባይኑ ውስጥ ስቦ ያመጣዋል። ቫኪዩም ይሉታል። የኮንደንሰሩን ቧንቧ የሚያቀዘቅዘው እኛ ጠዋት የምንመልሰው ውሃ ነው። ለብ ብሎ ከሄደ ባዶው ይጠባል፣ ተርባይኑ ይደክማል፣ የአገር መብራት ይቀንሳል። «እንግዲህ አገሩን የሚጎትተው የዙሪያሽ በርበሬ ነው ማለት ነው?» ስለው «አዎ!» ይላል፣ ሳይስቅ። ቀልድ አያውቅም ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።

ከቀትር በኋላ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ እግሬ ወለሉን ነካ። ወለሉ ቀዝቅዟል። ሮጬ ጓሮ ወጣሁ። ቫልቩ ተዘግቷል፤ መዘውሩ ላይ የእድሩ ጥቁር ጨርቅ ታስሮበት፣ ቁልፍ ተቆልፎበታል።

ይኼ የእኛ ወግ ነው። ሁርካ ውስጥ ሐዘንተኛ ሙቀት አያወርድም። ድሮ እድር ድንኳን ይተክል ነበር አሉ፤ አሁን እድራችን የሐዘንተኛውን ቫልቭ ይዘጋል፤ የእሱን ድርሻ ሙቀት በመስመሩ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ተካፍለው ያወርዱለታል። እስከ ሠልስት አንተ ታለቅሳለህ፣ እነሱ ያቀዘቅዙልሃል። ደግ ወግ ነው። እኔ ራሴ የስንቱን ሐዘንተኛ ሙቀት ወስጄ በሞቀ ወለል ላይ ሳልተኛ አድሬያለሁ። ግን የእኔን ቫልቭ ለማን ብላችሁ ነው የምትዘጉት? ለፈታሁት ባል?

ሣጥኑን ከፈትኩ። አንዱን እንቁላል አንስቼ የዓይኔ ቆብ ላይ አደረግኩት። ገና አልበረደም፤ ሙቀቱ ግን እየሸሸው ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እንቁላሎች ውስጣቸው ነፍስ ስላለ እርስ በርስ ትንሽ ይሟሟቃሉ፤ ያ እስኪመሽ እንኳን አይወስዳቸውም። ያለኝን ጋቢ ሁሉ ደራርቤ አለበስኳቸውና በባዶ እግሬ ወጣሁ።

በር ላይ ዙሪያሽን አገኘኋት። ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ በበርበሬው ይሁን በለቅሶ እንጃ። «እኔን ዘርፌዬ! እግዜር ያጽናሽ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ማን ነው ቫልቬን ያስዘጋው?»

«ወንድሜ እዚያው ሰሜን አይደል የሚሠራው፤ ደወለልኝ። ለጋሽ በዳሳ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፈትቷታል ብለው ሰዎች ሳያስቡልሽ እንዳይቀሩ ብዬ» አለች። «ቅር እንዳይልሽ እኮ ነው።»

«ዙሪያሽ! እንቁላሎቼ!»

አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትኩት!»

ስድብ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሴትየዋ ያደረገችው ደግነት ነው፤ ደግነት ደግሞ አይሰደብም፣ ያበሳጫል እንጂ። እጇን ይዤ ወደ ጋሽ በዳሳ ጎተትኳት።

ጋሽ በዳሳ ብርድ ልብስ እያጣጠፈ ነበር። ፊቴን አይቶ፣ ባዶ እግሬን አይቶ፣ ብርድ ልብሱን አስቀመጠ። «ዘርፌ ልጄ፣ ዕዳው የሁላችን ነው፤ ሽብሩ ጥሩ ሰው ነበር» አለኝ።

«ጋሽ በዳሳ፣ ቫልቩን ይክፈቱልኝ። ጫጩቶቼ ያልቁብኛል።»

አገጩን አሸ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ሥልጣኑ ግን እኔ ጋ አይደለም። ሕጉን ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ የሩቅ አጎቱን በአፉ እየገደለ ሙቀቱን በጎረቤት ሲያወርድ ነው ሕጉን ያጠበቅነው። በሐዘን የተዘጋ ቫልቭ የሚከፈተው ሠልስት ሲወጣ ነው። ካልሆነም ሐዘንተኛው በእድርተኛው ፊት ቆሞ "አላዘንኩም" ሲል። እኔ በራሴ ብከፍተው የማመንጫው መቆጣጠሪያ ክፍል ውሃውን አይለቅልሽም።»

«እላለኋ! ምን ቸገረኝ?»

ጋሽ በዳሳ በሐዘን አየኝ። ለምን እንዳየኝ አውቃለሁ። ከከተማችን ሰው ይኼን ቃል ያለ አንድ ብቻ ነው፣ ስለ እንጀራ አባቱ። ሰውየው ዛሬም ስሙ «አላዘንኩም» ነው። ሱቁ የአላዘንኩም ሱቅ ነው። ልጁ ስታገባ እንኳን የአላዘንኩም ልጅ ተብላ ነው የተሞሸረችው። እሱ እንኳን እንጀራ አባቱ ነበር፤ ክፉም ነበር ይባላል።

«እድርተኛው ለቅሶ ሊደርስሽ የሰፈሩ ማድረቂያ ዳስ ሥር ተሰብስቧል» አለ ጋሽ በዳሳ። «ካልሽ አሁን በይው። እንቁላሉም ጊዜ የለውም።»

ሄድኩ። ዳሱ ሥር ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። በላያቸው የዙሪያሽ በርበሬ ሊደርቅ ተሰጥቷል፤ አየሩ ያስነጥሳል። ስገባ ተነሡልኝ። አንዷ ልታለቅስ አፏን ስትከፍት በእጄ ከለከልኳት። ጋሽ በዳሳ «ዘርፌ የምትናገረው አላት» አለና ተቀመጠ።

«ሽብሩ ባሌ ነበር፤ አሁን አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ የተቆጣሁ ጊዜ ድምፄ ያምራል። «ስንፋታ ሽማግሌዎቹ እናንተው ነበራችሁ። ሰሜን አዲስ ማመንጫ ሲከፈት ካልሄድኩ አለ። እኔ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም አልኩ። እሱም አልተመለሰ፣ እኔም አልተከተልኩ። ክፉ አልሠራኝም፣ ክፉ አልሠራሁትም። ግን ግትር ነበር። ሲያወራ ወጥ ያሳርራል። ተኝቶ እንኳን ስለ ቫኪዩም ነው የሚያወራው።»

ሰው ሳቅ ብሎ አፉን ሸፈነ። ሳቁ አበረታኝ።

«በዓመት አንዴ ነው የሚደውልልኝ። እዚህ ተርባይኑ ለጥገና የሚከፈትበትን ሰሞን አይረሳም። "ቫኪዩሙ እንዴት ነው?" ይላል። "ደህና ነው" እላለሁ። "አንቺስ?" "ደህና ነኝ።" በቃ፣ ይዘጋል! ይኼ ሰላምታ ነው? እስቲ እናንተ ፍረዱ! ዘንድሮ ደግሞ ብሶበት ተርባይኑ ተከፍቶ፣ ተጠግኖ፣ ተዘግቶ፣ ጭራሽ ሳይደውል ቀረ። ረሳኝ ብዬ እንዴት እንደተናደድኩ! ስንት ቀን ሙሉ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ይዤ ኤክስቼንጀር ስገባ፣ ቢደውል አልሰማውም ብዬ እየወጣሁ ሳይ...»

እዚያ ላይ ቆምኩ።

አልረሳኝም ነበር። ታሞ ነበር። ያን ሁሉ ቀን እኔ ስረግመው እሱ አልጋ ላይ ነበር። ምናልባት ተርባይኑ መከፈቱንም አስታውሶ፣ ስልኩን የሚያነሳበት ጉልበት አጥቶ ይሆናል። ይኼን ማንም አልነገረኝም። እዚያው ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የገባኝ።

«በሉ እንግዲህ ልበለው» አልኩ። «አላ...» አልኩ። ቀሪው አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። ስለ እንቁላሎቹ አሰብኩ፤ ስለ አክስቴ ልጅ አሰብኩ፤ ሁለት ትሪ ነፍስ በአንድ ቃል ታግዷል ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። አልወጣም። አዝኜ ነበራ! ከጠዋት ጀምሮ፣ ያን ቅርፊት ስፍቅ ጭምር፣ አዝኜ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሰው አለቀስኩ። «ሽብሩ! ቫኪዩሙ ደህና ነው! እኔ ግን ደህና አይደለሁም!» አልኩ። እንዲህ ያለ ሙሾ ሁርካ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም ይሉኛል፤ ይበሉ።

ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። በመሃል ዙሪያሽ፣ ከሁሉ በላይ ጮክ ብላ ታለቅስ የነበረችው፣ ድንገት ዝም አለች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «የዘርፌን ሙቀት የወሰደው ማን ነው? እኛ አይደለን? የእኔ ወለል ከቀትር ጀምሮ እግር ያቃጥላል። ሙቀቷ ያለው እኛ ቤት ነው። ታዲያ እንቁላሉ ሙቀቱ ያለበት ይሂዳ! ሙቀቷን አንሥተን እንቁላሏን ለማን ጥለን ነው የምንሄደው?»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ በዳሳ ዞረ። ጋሽ በዳሳ ሕጉን በሆዱ አገላበጠ። «እንቁላል ቤት ለቤት አይሄድም የሚል የለም» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ለቅሶ ደራሽ ተነሥቶ ቤቴ ገባ፤ ግማሹ እያለቀሰ፣ ግማሹ እየተከራከረ። አንዷ በነጠላዋ፣ አንዷ በጡቷ መሃል፣ አንዱ ኮፍያው ውስጥ፣ ሌላው ብብቱ ሥር እንቁላል ይዞ ወጣ። ጋሽ በዳሳ ሁለት እጁን ጎድጓዳ አድርጎ፣ አንድ እርምጃ ተራምዶ አንድ ጊዜ እያረፈ ይሄዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ» አለኝ ሲያልፈኝ፤ «ዛሬ ግን በእኔ እግር ነው የሄደው።» አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ መጥቶ «አያንቱ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ደውላ ነው፤ መስመሩ ላይ ምን እየሆነ ነው፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ምን ያደርጋል ትላለች» አለኝ። «ለቅሶ ነው በላት» አልኩት።

ሁለቱን ቀን ቀዝቃዛ ወለሌ ላይ ፍራሽ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛ ከቤቱ አይወጣም፤ ስለዚህ የእንቁላሎቹን ነገር የሚነግሩኝ ለቅሶ ደራሾቹ ናቸው። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኔዎቹ ከውስጥ እየጮሁ ነው» ይለኛል። «አትንካቸው! ራሳቸው ይውጡ!» እላለሁ። «እሺ፣ እሺ፣ አልነካሁም።» ሌላው ይመጣል፣ «አንዱ ቀዳዳ አወጣ» ይላል። በዚህ በዚህ መሃል ስለ ሽብሩም ያወራሉ። እኔ የማላውቀውን ሽብሩን አመጡልኝ። አንዱ የጣራ ቧንቧውን በዕረፍት ቀኑ እንደጠገነለት፣ አንዷ ልጇን ለፈተና ስለ ኮንደንሰር ሲያስጠናላት ልጁ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ እሱ ግን ለተኛው ልጅ እስከ መጨረሻው እንዳስረዳ ነገሩኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር? እነዚያ ቀናት ደስ ይሉ ነበር። ሐዘን ደስ ይላል ሲባል ነውር ይመስላል፤ ግን ሰው ቤቴ ገብቶ ያን ያህል ተቀምጦ አያውቅም።

የሠልስቱ ቀን ከቀትር በፊት መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ዙሪያሽ መጣች፣ ካርቶን ይዛ። ካርቶኑ ውስጥ ገብስማ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ወሰራ ጫጩት ይተራመሳል፤ የእሷዎቹ በበርበሬ ማድረቂያው አጠገብ ስለተፈለፈሉ ያስነጥሳሉ። አንዱ ሲያስነጥስ ራሱን ይጥላል። እያንዳንዱ ቤት የድርሻውን ይዞ ገባ፤ በሳህን፣ በቅርጫት፣ በሕፃን ኮፍያ። ሁሉም አልተፈለፈሉም። ያን የሚነግሩኝ ሰዎች እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ «እኔ ጋ ሁለቱ ቀሩ ዘርፌ፤ ይቅር በይን» ይላሉ። ምን ይቅር ልላቸው! የቆሙት ከተኙት ይበዛሉ። ክፍሉ ሞላ። ጥቁር የለበሰ ሰው ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፤ መሃል ወለሉ ላይ ጫጩት ይንጫጫል። ሰው እግሩን ማሳረፊያ አጥቶ እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ነበር።

ጋሽ በዳሳ ከሁሉ ኋላ መጣ። ይዞት የመጣው አንድ ጫጩት ብቻ ነው፣ ደረት ኪሱ ውስጥ፤ ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል። ልሰጥሽ ነው ብሎ ያወጣታል፣ ተመልሶ ይከታታል። ከዚያ ከሌላኛው ኪሱ ቁልፉን አወጣ።

«ሠልስቱ ወጣ» አለ። «በይ ልክፈትልሽ። ጫጩት ብርድ አይችልም፤ ወለልሽ ይሙቅ።»

ተነሣሁ። ጓሮው በር ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። መዘውሩ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ ሊፈታ ሲጎነበስ አየሁት። በመጀመሪያው ቀን ያን ቫልቭ ለማስከፈት ያልሆንኩት አልነበረም። ከኋላዬ ጫጩቶቹ ይጮሃሉ፤ ያን ያህል የለመንኩባቸው፣ የከረምኩባቸው፣ ሁሉም እዚያ አሉ።

«ጋሽ በዳሳ» አልኩት፤ «ጫጩቶቹን ዛሬም እናንተው ጋ አሳድሩልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ነገ ይክፈቱልኝ» አልኩ። «ዛሬን ልዘንለት።»